ምስማሩ

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ በርጩማ ከሚጠረብበት፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ ሰው ከሰው የማይሰማማበት፣
አንዲት የቀበሌ ቢሮ አለች፣
ሃያ አንድ ክረምቴን የበላች።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፦ ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፣
ጉርድ ፎቶ፣ የጣት አሻራ፣ የመሸኛ ወረቀት።
አለቆች ይመጣሉ፣ አለቆች ይሄዳሉ፤
ከወንበሩ በላይ ባለው በአንዱ ምስማር ያመኑትን ይሰቅላሉ።

የፊተኛው ቅዱስ ሰቀለ፣ በነጭ ፈረስ ላይ፣
ጦሩ ያዘነበለ፣ ከባለጉዳዩ አናት በላይ።
ሁለተኛው ሲመጣ ፈረሱ ወርዶ ካዕባ ወጣ፣
በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ከሐጅ ተመላሽ እጅ የመጣ።
ሦስተኛው ርግብ ሰቀለ፣ ከሥሯ ጥቅስ የተጻፈባት፤
ምስማሩ ያው ነው። ዝገቱ ብቻ ጨመረባት።

ሥዕሎቹ ያምሩ ነበር፤ አንዱንም አልጠላሁ፤
የጠላሁት የሰውን አንገት ነው፣ በመስኮት ሲሰገግ እያየሁ።
ባለጉዳይ ሁሉ ለመደ፤ በሩን ሳያንኳኳ በፊት
ግድግዳውን ያነባል በተሰነጠቀው መስኮት።
«ዛሬ የማን ነው?» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ምስጋናውን እንደ ሸሚዝ ሊቀይር ፈልጎ።

ፈረሱ በወረደ ማግስት አባመጫ ከጅሬን ወረዱ፣
የልጃቸውን የሞት ወረቀት ሊወስዱ።
«ጊዮርጊስ ይጠብቅዎ!» አሉ፣ መንገዱን ሙሉ አጥንተው፤
ቀና ሲሉ ፈረሱ የለም፤
የገዛ ቂብላቸው ከግድግዳው ላይ አያቸው።
ያን ዕለት ያየሁት ፊት መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤
ዓምድ የለውም።
«ይቀልዱብኛል?» አለ ሹሙ፤ ወረቀቱ ከመሳቢያ አደረ፤
የአባመጫ ልጅ በኛ መዝገብ ከሞተ በኋላ ሳምንት ኖረ።

አራተኛው ሲሾም የኔዋን እመቤት ይዞ መጣ፣
ልጇን እንዳቀፈች፤ ልቤ በደስታ ሊወጣ።
አልዋሽም። አንድ ወር ያህል ጣቴ ፈጠነ ለአንዳንዱ፤
ለአንዳንዱ ደግሞ «ነገ ና»…
ነገ ስንት ነገ እንደወለደ አላስተዋልሁም ጉዱን።

አንድ ረቡዕ ሩማና የምትባል አራስ፣ ልደት ልታስመዘግብ መጥታ፣
በመስኮቱ አየች፤ ከዚያ ሻርፗን ቀስ ብላ ፈትታ
ሕፃኑን ጠቀለለችበት፣ የበረዳት አስመስላ፤
ፀጉሯ በዝናቡ ራሰ፣ ቆመች ከበሩ ኋላ።
ቀና ብዬ እመቤቴን አየሁ፤ እሷም ልጅ ታቅፋለች፣
እሷም ፀጉሯን ሸፍናለች።

ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ በባዶ እግሬ፤
«ይቅር በይኝ» አልኋት፤ «ነይ፣ እንሂድ ወደ ሰፈሬ።
እዚህ አንቺን የሚያይ ሁሉ አንቺን አይደለም የሚያየው፤
ሹሙን ነው፣ ማኅተሙን ነው፣ የመሬቱን ካርታ ነው።»
በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ቦሳ ወስጄ፣
ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀልኋት፣ በራሴ ምስማር፣ በራሴ እጄ።
እዚያ ታምራለች። ስጸልይ ማኅተም አልይዝም፤
እሷም ማንንም አታስፈራም።

ሲነጋ ሹሙ ጮኸ፦ «የት ሄደች?» «ቤቷ» አልሁት።
የአሥር ቀን ደመወዝ ቆረጠኝ፤ ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጠርሁት።
«ሌላ አመጣለሁ» አለ። እስካሁን አላመጣም፤
ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።

ክረምቱ አልወጣም ገና።
አባመጫ ለግብር ጉዳይ መጡ፣ በራሰ ጃንጥላ፣ እንደገና፤
በመስኮቱ አጮለቁ፣ እንደ ልማዳቸው፤
ባዶ ግድግዳ። ግራ ገባቸው።
የሚሉት ጠፍቷቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤
ከዚያ እንዲያው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደሚለው፣
«አካም ቡልታን?» አሉ ለሹሙ።
ሹሙም ቀና ሳይል «ደህና፤ ይግቡ» አለ።
ጃንጥላቸውን ተቀብዬ ሰቀልሁት፤ ምስማሩ ቻለ፤
ጠብ… ጠብ… በሲሚንቶው ላይ። መዝገቤን ገለጥሁ፤
«ስም?» አልሁ። «የአባት ስም?»
ሃይማኖት የሚለውን ዓምድ ዘለልሁ።